የንቃት ፈተና

«እኔ ነኝ የላክሁት! እኔው ነኝ በገዛ አፌ ሂድ፣ ግባ ያልኩት። አሁን ታዲያ ተነሥቼ ምን ልበል? እነዚህን ልጆችሽን ማን ሊያሳድግልሽ ነው?»

ፈለቀች ይህን የሰማችው በአበልጇ በአቶ በየነ ቤት፣ በጓሮ በር ገብታ፣ ከጓዳው ደጃፍ ላይ ጭቃ የያዘ ጫማዋን በድንጋይ ስትጠርግ ነው። ደሃ አበልጅ በፊት በር አይገባም፤ ማንም አትግባ ባይለውም አይገባም። በእጇ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች፤ ሮቤ ገበያ በመደብ የምትቸረችረው ነው፤ ባዶ እጅ ልመና አይኬድማ። «ታዲያ ለሜሳ ይገደል?» አለች የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ወለተኢየሱስ፣ ከግድግዳው ወዲያ። «ቀስ በይ! ግድግዳም ጆሮ አለው» አላት ባሏ። ፈለቀች የተናገሩት ገባት፤ ሲገባት ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ለሜሳ ባሏ ነው። ሮቤ ባለው የእህልና የነዳጅ መጋዘን ጎሚስታ ነው፤ የትራክተር ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። አቶ በየነ የዚያው መጋዘን ሥራ አስኪያጅና የልጃቸው የሙለታ የክርስትና አባት ናቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ለሜሳ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ፣ በነዳጅ በርሜሎቹ መሐል ሲሹለከለክ ተያዘ ተባለ። ሶማሌ ጊኒርን አልፎ መጣ እየተባለ፣ ጎባ ማታ ማታ መብራት አጥፍታ የምታድርበት፣ ሰው የገዛ ጥላውን የሚጠራጠርበት ጊዜ ነው። ሰርጎ ገብ ተብሎ የተያዘ ሰው እንዴት እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ አንድ ቀን ጠዋት ራዲዮ ወይም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት «ነፃ እርምጃ ተወሰደበት» ይላል፣ አለቀ። እጁን የፊጥኝ አስረው ጎባ ወሰዱት። ፈለቀች እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር አደረች፤ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። አበልጄ አለ አለች። ወንድም በሥጋ ነው፣ አበልጅ ግን በእግዜር ፊት ነው፤ ታቦት ፊት ቆሞ ልጅህን የታቀፈልህ ሰው አይክድህም አለች። አይ ሰው!

ስትስል ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። ቆይቶ «ማነው?» ተባለ፣ «እኔ ነኝ» አለች፣ «ውይ አበልጄ! ግቢ እንጂ፣ ምን ውጭ ያስቀምጥሻል!» ተባለ። ሳሎኑ ያው የምታውቀው ሳሎን ነው። ጣራው አቡጀዲ የተወጠረበት፣ ቡፌው ላይ ጥልፍ የለበሰ ራዲዮ የተቀመጠበት፣ ከራዲዮው በላይ ድሮ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰቅሎ የነበረበት ቦታ ላይ ሦስቱ ጺማም ፈረንጆች፣ የአብዮቱ አባቶች፣ የተሰቀሉበት። ጊዮርጊስ ወደ መኝታ ቤት ተዛውሯል። አቶ በየነ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ወጡና ጉንጯን ሳሟት፤ ሌሊቱን ያልተላጨ ጺማቸው ቧጠጣት። ወለተኢየሱስ ቅንጬ አቀረበች። ልጁ ደህና ነው? ደህና ነው። ሳሉ ተወው? ተወው። ማን ዘንድ ነው? ጎረቤት ማናልበሽ ዘንድ ትቼው መጣሁ። ገበያው እንዴት ነው፣ ቅቤ ስንት ገባ? ኪሎው ስድስት ብር አሉ። አቤት፣ አቤት! ላምባስ ተገኘ? ኧረ የለም። እንግዲህ ጦርነት ነው። አዎ፣ ጦርነት ነው።

ከዚያ ወሬ አለቀ። እንግዳ ሰው ዝም ቢልህ አያውቀኝም ብለህ ትተወዋለህ፤ አበልጅ ዝም ሲል ግን ያስፈራል። አቶ በየነ ማንኪያቸውን ያዙ፣ አስቀመጡ፣ ደግሞ ያዙ። ፈለቀች ጠበቀቻቸው። ራሳቸው ቢጀምሩት ይቅር ልትላቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ «ሞኝ ነገር ሠርቼ አስበላሁት፣ አሁን ሄጄ አስፈታዋለሁ» ቢሉ እግራቸውን ትስም ነበር። እሳቸው ግን «እንግዲህ መንግሥት ሳያጣራ አይፈርድም፣ አይዞሽ» አሉ። ያን ጊዜ ደሟ ፈላ።

«አበልጄ፣ ሰምቻለሁ» አለች። «ጓዳ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

አቶ በየነ ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው ቅንጬውን አየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይ መመሪያ መጣ፤ ማንኛውም ድርጅት ከእሳት፣ ከአየር ድብደባ፣ ከአሻጥርና ከሰርጎ ገብ ራሱን የሚጠብቅ ኮሚቴ ያቋቁም፣ ሠራተኛውን ያሠልጥን፣ ንቃቱንም ይፈትን የሚል። አቶ በየነ መመሪያ ሲመጣ የሚተኙ ሰው አይደሉም። በመጋዘኑ ግቢ ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ በእጅ የሚሽከረከር ሳይረን አስመጡ፣ አሸዋ የተሞሉ ቀያይ ባልዲዎች በየግድግዳው አሰቀሉ። አሸዋው ቆይቶ የሳቸው ቤት በረንዳ ሲለሰን ተጓጉዞ አለቀ፤ ባልዲዎቹ ግን እስካሁን እንደ ተሰቀሉ ናቸው። የቀረው ንቃቱን መፈተን ነበር። ለዚህም አስበው አስበው ለሜሳን ጠሩ። በጋዜጣ የጠቀለሉትን ጡብ ሰጡት፤ በጓሮ አጥር ሾልከህ ግባ፣ ከበርሜሎቹ ሥር አስቀምጠህ ውጣ አሉት። ካልተያዘ ኮሚቴውን ተኝታችኋል ብለው ሊቆጡ፣ ከተያዘ ጎበዝ ብለው ሊያመሰግኑ። ከእሳቸው ከራሳቸውና ከለሜሳ በቀር ማንም አላወቀም፤ ካወቁማ ምኑን ፈተና ሆነ።

«ሻይ ሰዓት ሳይደርስ የሚያልቅ ነገር ነበር እኮ» አሉ አቶ በየነ። «ይይዙታል፣ እኔ እወጣለሁ፣ ልቀቁት ፈተና ነው እላለሁ፣ ስቀን እናልፋለን።»

«ታዲያ ለምን አልወጡም?»

«ወጥቻለሁ። ግን ካድሬው መጣ።»

የክፍለ ሀገሩ ካድሬ ሳይጠራ ከጎባ ከች ያለው ለሜሳ መሬት ላይ ተደፍቶ ዘበኛውም መካኒኩም ጸሐፊውም በካልቾ በሚሉበት ሰዓት ነው። ከላንድሮቨሩ ዘሎ ወረደ፤ ሽጉጡን መዘዘ፤ ሰውን ሁሉ መሬት አስተኝቶ ጥቅሉን ራሱ ፈታ። ጡብ ሆኖ ሲያገኘው እንኳ አልተበገረም። «ዛሬ ጡብ፣ ነገ ቦምብ!» አለ። «መንገድ ሊያጠና ነው የገባው!» ከዚያ አቶ በየነን በሰው ሁሉ ፊት እቅፍ አደረጋቸው። እንዲህ ያለ ንቁ ድርጅት በክፍለ ሀገሩ አላየሁም፣ ለሌሎች ምሳሌ ይሆናል፣ ለበላይ አስታውቃለሁ አለ።

«ያን ጊዜ አንድ ቃል መተንፈስ አቃተዎት?»

«አቅፎኝ ነበራ!» አሉ አቶ በየነ። ሲሉት ድምፃቸው ተሰበረ፤ እውነታቸውን ነው። አቅፏቸው ነበር። እንዲህ ያቀፋቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

ፈለቀች ወንበሩን ትታ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ጉልበታቸውን ያዘች። በሙለታ ይዤዎታለሁ አለች፤ ስሙን ባወጡለት ቀን ይዤዎታለሁ፣ ታቦቱ ፊት በታቀፉት ክንድዎ ይዤዎታለሁ፣ ጎባ ሄደው አንዲት ቃል ይበሉልኝ። አቶ በየነ ሊያነሷት ሞከሩ፣ አቃታቸው። አሁን ብናገር፣ አሉ፣ ካድሬ አሞኘህ ይሉኛል። ሲቆዩ ደግሞ አንተም ከሱ ጋር ተመሳጥረሃል ይሉኛል። ሁለታችንንም ነው የሚበሉን፤ ሁለት ቤት ከሚፈርስ ነገሩ ትንሽ ይብረድ። ለሜሳም ወንድ ነው፣ ሲገርፉት አድረው እንኳ ስሜን አላነሣም አሉ፣ አንቺም አታንሺ። ይህን ብለው ኮታቸውን ለበሱና በፊት በር ወጡ። ቅንጬው ቀዘቀዘ። እግዜር ይይልዎት አለች ፈለቀች፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ለማንም ሳይሆን።

ወለተኢየሱስ በጓሮ በር ሸኘቻት። ዓይኗ ደም መስሏል፤ ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር። አገልግል አስያዘቻት። «ለለሜሳ ነው፣ ዶሮ ነው፤ ማታ ነው የሠራሁት» አለች። ማታ! ባሏ አበልጁን አሳልፎ በሰጠ ማታ ሽንኩርት ስታቁላላ ነበር ማለት ነው። ፈለቀች አገልግሉን ፊቷ ላይ ልትወረውርላት ፈለገች፤ ግን ለሜሳ ከትናንት ቁርስ ወዲህ እህል አልቀመሰም፤ ለኩራቷ ስትል ጦሙን ታሳድረው? ተቀበለች። አመሰገነችም። ይህች ምስጋና እስከ ዛሬ ታንገበግባታለች።

ጎባ ከመሄዷ በፊት በመጋዘኑ በኩል አለፈች። ያየ ሰው ቢገኝ፣ ምስክር የሚሆን፣ ብላ ነው። ከበሩ ላይ ዘበኛው ባዳሳ ቆሟል፤ ያው አሮጌ የወታደር ካፖርቱን ለብሶ። ከለሜሳ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠሩ፣ በአንድ ሠፈር የሚኖሩ፣ እድር እንኳ አብረው የገቡ ሰዎች ናቸው። ሲያያት ሊሸሽ ዞር አለ፤ መሸሻ ስላጣ «አካም ቡልቴ?» አላት፣ መሬት መሬት እያየ። እንዴት እንዳደረች ይጠይቃታል!

«ደህና አደርኩ። አንተስ? እጅህን አላመመህም?»

«ፈለቀች…»

«መጀመሪያ የመታው አንተ ነህ ይላሉ። አላወቅኸውም ነበር?»

ባዳሳ ግራ ቀኝ አየ። አወቅሁት እንጂ አለ፤ ገና አጥሩን ሲዘል በአረማመዱ አወቅሁት። ለሜሳ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ ልለው አፌን ከፈትሁ። ግን ከኋላዬ አንዱ «ሰርጎ ገብ!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ አንተ እንዴት አወቅኸው፣ ከሱ ጋር ነህ ወይ ቢሉኝስ? ሌሎቹም አውቀውታል፤ ሁላችንም አውቀነዋል። ሁላችንም ሰርጎ ገብ አልን። ሰው ሁሉ ሲመታ ብቻዬን እጄን አጣጥፌ ልታይ? «እሱ ነው እንጂ ጥፋቱ» አለ ባዳሳ፣ ብው ብሎ። «እኔ ነኝ አይልም? ወንድሞቼ፣ ለሜሳ ነኝ አይልም? ይስቃል! እየመታነው ይስቅ ነበር። እሱ ነው ያስፈራን።»

ይህ ለፈለቀች አልገባትም። ለሜሳ የሚስቅ ሰው ነው፣ ግን በዱላ የሚስቅ አይደለም። ባዳሳ ግን አፉ ከተፈታ አይመለስም። ድሮም ደረቅ ነው አለ። ያ የአየር ድብደባ ልምምድ ጊዜ፣ ሳይረን ጮኾ ጉድጓድ ግቡ ተብለን ገባን፤ ጓድ ሥራ አስኪያጁ ውጡ ማለቱን ረስተው ቤታቸው ምሳ ሄዱ። ዝናብ ሲመጣ እኛ አንድ በአንድ ወጣን። እሱ ብቻውን ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ቀረ፣ ውጡ አልተባልንም ብሎ። ሥራ አስኪያጁ ከምሳ ሲመለሱ እዚያው አገኙት። በስብሰባ ላይ አንሥተው ሲያወድሱት፣ እንደ ለሜሳ ያለ ሰው ያለው ድርጅት አይደፈርም ሲሉ፣ እኛ በሳቅ ሞተን ነበር። «ለዚህ ነዋ እሱን የመረጡት» አለች ፈለቀች። «አበልጄ ናቸው የላኩት፣ ባዳሳ። ፈተና ነው። ራሳቸው ሲናገሩ ሰማሁ።»

ባዳሳ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ያዘ። «አልሰማሁም! እኔ አልሰማሁም፣ አንቺም አልነገርሽኝም! ልጆች አሉኝ!» አለ። ከግቢው ውስጥ ጭብጨባ ተነሣ፤ ሠራተኛው ተሰብስቧል። የአቶ በየነ ድምፅ በቆርቆሮው አጥር አልፎ ይሰማል፦ በንቃታችን፣ ጓዶች፣ በአንድነታችን፣ ይላል። ጠዋት የተሰበረው ድምፅ አሁን ተጠግኗል። ደግሞ ጭብጨባ። ባዳሳም በሩ ላይ እንደ ቆመ፣ ማንም ሳያየው፣ አጨበጨበ።

ጎባ በጋሪ ሄደች። ድሮ ስሙኒ የነበረው ሃምሳ ሳንቲም ገብቷል፤ ፈረሱም ጦርነት ይበላል መሰለኝ። አብረዋት የተሳፈሩት ሁለት ሴቶች ወሬያቸው ስለ ሮቤው ሰርጎ ገብ ነበር። የሴት ልብስ ለብሶ ነው አሉ የገባው። ሦስት ቋንቋ ይናገራል አሉ። ጓድ በየነ የሚባሉት ናቸው ዓይኑን አይተው ያወቁት፤ እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ሮቤ ዛሬ አመድ ነበረች። «አንቺ የሮቤ ነሽ፣ አላየሽውም?» አሏት። አላየሁትም አለች። ገብሱ ግራና ቀኝ ደርሷል፣ የሚያጭደው ግን የለም፤ ወንዱ ሚሊሺያ ሄዷል። ፈለቀች መንገዱን ሙሉ የባሏን ዝምታ ስታብሰለስል ሄደች። ስማቸውን አላነሣም ነበር አቶ በየነ ያሉት። ለአበልጁ ሲል እየሞተላቸው ነው ብላ አሰበች፤ ራሱን ሰጥቶ ሊያድናቸው ነው። ተናደደችበትም፣ ኮራችበትም። ስነግረው ግን ይተዋል አለች፤ እንደ ከዱት ሲሰማ ምን ብሎ ይሞትላቸዋል?

እስር ቤት የተባለው ድሮ የአንድ ነጋዴ ቡና መጋዘን የነበረ ነው፤ ዛሬም ቡና ቡና ይሸታል። በሩ ላይ አገልግልና ፔርሙስ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ማን ታሰረብሽ አይባልም። አንዷ ምግቧን ሳይቀበሏት መለሷት፤ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብቻ ነው ያሏት። ሴትዮዋ አገልግሏን ታቅፋ ትንሽ ቆመችና ሳታለቅስ ሄደች። የቆሙት ሁሉ ከሷ ዓይናቸውን አሸሹ። የፈለቀች ተራ ሲደርስ ጠባቂው ክዳኑን ከፈተ። «ቅመሺ» አለ። ሕጉ ነው፤ መርዝ ይሆናላ። ከወለተኢየሱስ ዶሮ ጎረሰች፤ ጨው እንኳ አልጎደለውም፣ ሞያዋ ሞያ ነው። በግድ ዋጠችው። ጠባቂው «በአማርኛ ብቻ ነው የምትናገሩት፣ በኦሮምኛ የለም» አለና ለሜሳን አስጠራ።

ለሜሳ በሁለት እግሩ መጣ፤ እሱም ተመስገን ነው። ግራ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ አብጧል። እሱ ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ፊቱ ፈክቷል። ሽልማት ሊቀበል የሚወጣ ተማሪ ነው የሚመስለው። ሙለታ ደህና ነው? ደህና ነው። ሳሉ? ተወው። ጠባቂው ሰልፉን ሊያስተካክል ዞር ሲል ለሜሳ በመሐላቸው ወዳለው የሽቦ አጥር ተጠጋ።

«አልተናገርኩም» አላት በሹክሹክታ።

«ለሜሳ…»

«ጨል ጄዲ! ዝም በይ፣ ይሰሙሻል። ፈተና ነው። አበልጄ ራሱ መጥቶ በቃ እስኪል ድረስ ነው። እነዚህም ሁሉ ገብተውበታል፤ በእውነት ካልመቱኝማ ማን ያምናል? ትናንት ሲደበድቡኝ ሳቄ እያመለጠኝ ልጋለጥ ነበር። ዛሬ ግን ይዤዋለሁ።»

ፈለቀች የሽቦውን አጥር በሁለት እጇ ያዘች። ዝም ያለው ሊሞትላቸው አይደለም! ሊሞት መሆኑንም አያውቅም። ነገረችው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እያቀላቀለች፣ ቶሎ ቶሎ ነገረችው። ጓዳውን፣ ካድሬውን፣ እቅፉን፣ ይብረድ ያሉትን፣ ስብሰባውን፣ ጭብጨባውን። አይመጡም፣ ለሜሳ፤ ፈርተዋል፤ ሽጠውሃል፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ማርያም ምስክሬ ናት። ለሜሳ በደህናው ዓይኑ ትክ ብሎ አያት። ቀስ እያለ የተሰነጠቀው ከንፈሩ ተከፈተና ደም እየወጣው ፈገግ አለ።

«አንቺንም አስገብቶሻል!» አለ። «አይ አበልጄ! ሚስቴንም ልኮ ሊፈትነኝ!»

«አላስገቡኝም! ለሜሳ፣ በልጅህ!»

«እሱም በልጄ ነው ያስማለኝ» አለ ለሜሳ፣ ፈገግታውን ሰብስቦ። «የክርስትና ልጄ ነው ብሎ፣ ሙለታ ይሙት አስብሎኛል። ማንም ቢጠይቅህ፣ ካድሬም ቢሆን ሚስትህም ብትሆን፣ በራሴ ነው የገባሁት በል ብሎኛል። ቃሌን በልቼ ልጄን ልግደል? ሂጂና አልተበገረም በዪው።»

ፈለቀች ሽቦውን ለቀቀች። ጠባቂው «የት ነው? የት ነው?» እያለ ሲከተላት ግቢውን አቋርጣ የመርማሪው ክፍል ገባች። መርማሪው ወዚር የሚባል ገና ጎልማሳ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ብርጭቆ ሻይና የተቆረሰ አምባሻ አለ። አስወጧት ይላል ብላ ነበር፤ አላለም። «ተያት» አለ ጠባቂውን። ሁሉንም ነገረችው። ሻዩን ሳይጠጣ ሰማት። ከማለዳ ጀምሮ የሚሰማት ሰው ያገኘችው አሁን ነው፤ ጠላቴ ያለችው ሰው ነው የሰማት። እንባዋ መጣ።

ወዚር እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «እኔንም ያ ጡብ ሲከነክነኝ ነው ያደረው» አለ። «ሰርጎ ገብ ጡብ ተሸክሞ ምን ያደርጋል? ስሚ፣ እህቴ፤ ፋይሉ ዛሬ ማታ ከእጄ ይወጣል። ከወጣ በኋላ እኔ ምንም አላውቅም። ግን ባልሽ ያልሽውን ከደገመው ሥራ አስኪያጁን አሁኑኑ አስጠርቼ ፊት ለፊት አገናኛቸዋለሁ። አንድ ቃል ትበቃኛለች። አዎ ይበለኝ፣ በቃ።»

«ይላል!» አለች ፈለቀች። «ይላል፣ ጌታዬ! ይጥሩት!»

ለሜሳን አመጡት። በሩ ላይ ቆመ፤ መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ መርማሪውን። ወዚር ዛሬ አልጮኸበትም፤ ወንበር እንኳ አመለከተው፣ ለሜሳ ግን አልተቀመጠም። «ሚስትህ ሥራ አስኪያጁ ለልምምድ ልከውህ ነው ትላለች። እውነት ነው ወይ? ብትናገር ማንም አይነካህም፤ ቃሌ ነው» አለው። ፈለቀች እጆቿን አጣምራ በልመና አየችው። በዓይኗ ለመነችው፤ ይኸው በሩ ተከፍቷል፣ ውጣ አለችው።  ለአንድ አፍታ የሚናገር መሰላት።

«እሷ ደንግጣ ነው፣ ጓድ፤ አይፍረዱባት» አለ። «የላከኝ ሰው የለም። በራሴ ነው የገባሁት።»

«ለሜሳ! ይገድሉሃል! እውነቱን ነው የሚነግርህ፣ ይገድሉሃል!»

«በራሴ ነው የገባሁት» አለ ለሜሳ፣ ጮክ ብሎ፣ እየተጠነቀቀ፣ ያጠናውን ፊደል በቃሉ እንደሚወጣ ልጅ።

 ወዚር ፈለቀችን አያት፤ ያዘነላት ይመስላል፣ ይሁን እንጂ ሐዘኑ ረጅም አልነበረም። እርሳሱን አስቀምጦ እስክሪብቶ አነሣና መጻፍ ጀመረ። ቀና ሳይል «ውሰዱት» አለ። ፈለቀች የባሏን ኮት ይዛ ተጎተተች፣ ጠባቂው ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። ለሜሳ ወደ በሩ ሲገፉት አልተንገራገረም፤ ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ከበሩ ሲደርስ ጠባቂዎቹ እንዳያዩት አንገቱን ጠምዘዝ አድርጎ ወደ ሚስቱ ዞረና በደህናው ዓይኑ ጠቀሳት።